የሰባተኛው እንግዳ ማልያ

«ለሦስት ዓመት ነው» አለ የክለባችን የሕዝብ ግንኙነት ሠራተኛ፣ ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ።

ከጎረቤቴ ከልብስ ሰፊዋ እጅ መቀሱ አምልጦ ወለሉ ላይ ወደቀ።

«ሦስት ዓመት?»

«ሦስት ሙሉ ዓመት፣ እትዬ። ሊራዘምም ይችላል ተብሏል።»

«ሊራዘምም?» ከስፌት መኪናዋ ፊት ባለችው በርጩማ ላይ ቁጭ አለች። ቁጭ አለች ልበል እንጂ በርጩማዋ ባትኖር ወለሉ ነበር የሚቀበላት። «ማነው የወሰነው?»

«ከላይ ነዋ። የዚህም የዚያም ትልልቅ ሰዎች ባሉበት ነው ያለቀው። በቴሌቪዥን ሁሉ ይተላለፋል።»

«በቴሌቪዥን» አለችና እንባዋ ጉንጯ ላይ ወረደ።

ልጁ ልቡ ተነካ። እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ፣ «እኛም ቢሮ ስንሰማ እንዲሁ ነው የሆንነው። ጸሐፊያችን ራሷ አልቅሳለች» አላት።

እኔ የብስክሌት ኮርቻ ልብስ ላሰፋ ገብቼ ጥግ ይዤ ቆሜያለሁ። ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ የኔ ሱቅና የእሷ ቤት አንድ ግድግዳ ነው የሚጋሩት፤ መዶሻዬ ሲበዛባት ግድግዳውን በመቀስ ትደበድባለች፣ እኔም አደብ እገዛለሁ። አንዱ በደስታ ሌላዋ በሐዘን እንዲህ ሲተዛዘኑ ሳይ፣ ትንሽ ካዳመጥኩ በኋላ፣ አልዋሽም ከሚገባው በላይ ካዳመጥኩ በኋላ፣ ጣልቃ ገባሁ።

«አንተ ልጅ፣ ስለ ምንድነው የምታወራው?»

«ስለ ስፖንሰራችን ነዋ።»

«እሷ ስለ ወንድሟ መስሏት ነው።»

ጥፋቱ የማኅተሙ ነው። ልጁ ብብቱ ሥር ሸጉጦት የገባው ሰማያዊ ማኅደር ላይ ስፖንሰር የሆነን የባዕድ መንግሥት ወርቃማ ማኅተም ተደርጓል። ያው ማኅተም ያለበት ወረቀት በጎረቤቴም ቤት አለ፤ ከዚያ መንግሥት ኤምባሲ የደረሳት ብቸኛ መልስ ነው። «ደብዳቤዎ ደርሶናል» ይላል። ሁለተኛ ዓረፍተ ነገር የለውም።

ወንድሟ በያጅ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት እዚያ አገር ሄዶ የትልቁን ስታዲየማቸውን ጣሪያ ሲበይድ ነበር። በገባበት ቀን ፓስፖርቱን «ለጥበቃ» ብለው ወሰዱበት፤ እውነትም ደብተሯን ከሰውየው አብልጠው ጠበቋት። አንድ ቀን አጠገቡ የሚሠራ ባልደረባው ከጣሪያው ወድቆ ሞተ። የተጻፈው ወረቀት በልብ ድካም ሞተ ይላል። ወንድምየው፣ መቅጃ ይዞ ለመጣ ጋዜጠኛ፣ «ልቡስ ደህና ነበር፤ የደከመው ገመዱ ነው» አለ። ይህን ካለ በማግስቱ ከመኝታው ተወሰደ። ይኸው ስምንት ወሩ ነው፤ ፍርድ ቤት የሚባል በር አላየም። እንግዲህ እንዲህ ላለው ሰው እህት ወርቃማ ማኅተም ይዘህ ገብተህ «ሦስት ዓመት» ስትላት ምን እንድትልህ ነው?

የሕዝብ ግንኙነቱ ጆሮው ቀላ። «አላወቅኩም፣ እትዬ። በእውነት አልሰማሁም።»

«ጽፈንላችኋል» አልኩት። እኔ እስከ ስምንተኛ ነው የተማርኩት፤ እጅ ጽሕፈቴ ግን ያምራል ይባላል፣ ደብዳቤዎቿን ሁሉ የምጽፈው እኔ ነኝ። «ለሊጉ ሰብአዊ መብትና ገጽታ ግንባታ ክፍል ሁለት ጊዜ ጽፈናል።»

ሁለቱ ነገሮች በአንድ ክፍል፣ በአንድ ኃላፊ ሥር ናቸው፤ አንድ መኪና ስለሚበቃቸው ይሆናል። መልሳቸው ከነማኅተሙ ጥሩ ወረቀት ላይ ነው የመጣው፤ «ሊጋችን ስፖርትን ከፖለቲካ ጋር አይቀላቅልም» ይላል። አሁን ሊጉ ከአንድ መንግሥት ጋር ለሦስት ዓመት ተቀላቀለ። መንግሥት ፖለቲካ አለመሆኑን ያወቅኩት ያን ጊዜ ነው።

«ለምንድነው የመጣኸው ታዲያ?» አለችው፣ ዓይኗን በጨርቅ ቁራጭ እየጠረገች።

ለሥራ ነበር። የክለቡን ማልያ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የምትሰፋው እሷ ናት። አሁን የዚያ መንግሥት አርማ በየተጫዋቹ ደረት ላይ እንዲያርፍ ተወስኗል። ደግሞ ከዚያው አገር ስድስት የክብር እንግዶች ለመክፈቻው ጨዋታ ይመጣሉ፤ ለእያንዳንዳቸው ስማቸው ጀርባው ላይ የተጠለፈበት ማልያ ይሰጣቸዋል። ልጁ ይህን ሁሉ ከተናገረ በኋላ ጉሮሮውን ጠረገ።

«አንዲት ነገር ደግሞ አለች። አምበሉ ክንዱ ላይ የሚያስራት ጥብጣብ።»

ጥብጣቧን እኔም አውቃታለሁ። ነጭ ናት፤ በጥቁር ክር «ሰው ሁሉ እኩል ነው» የሚል ተጠልፎባታል። ሊጉ በየመክፈቻው ያስለብሳታል።

«ትነሳ ነው የምትሉት?»

«ኧረ በጭራሽ። ሊቀመንበራችን በዚህ ላይ አቋማቸው ጽኑ ነው። ጽሑፉ ይኖራል። ክሩ ብቻ ይቀየር ነው ያሉት።»

«ወደ ምን?»

«ወደ ነጭ።»

«ጥብጣቡ እኮ ነጭ ነው።»

«አዎ» አለ።

ቀና ብላ አየችው። «ነጭ ላይ በነጭ?»

«መልእክቱም ይኖራል፣ እንግዳም አይከፋውም።»

«የሚያነበውስ?» አልኩት።

«የሚያምንበት ሰው ሳያነበውም ያውቀዋል፣ ጋሼ።»

ውሻ በበላበት ይጮኻል ይባላል። የእኛ ክለብ ከውሻ ይልቃል፤ በበላበት ዝም ይላል።

ጎረቤቴ አልተሳደበችም። ብሳደብላት ደስ ባለኝ፤ እሷ ግን ሌላ ነገር ነበር ያሰበችው። «ልጄ» አለችው፣ «እነዚያ እንግዶች ሲመጡ አጠገባቸው አይደለህ? የወንድሜን ስም ብቻ ንገርልኝ። ሌላ ምንም አትበል። ስሙን ብቻ።»

ልጁ ክፉ አይደለም። መጥፎ ዜና የሚነገርበትን ቃል ስላልተማረ ብቻ ነው እንደዚያ የሚናገረው። «ስሙን ይስጡኝ፣ በጆሯቸው ጣል አደርገዋለሁ» አለ። ኪሱን ቢዳብስ ባዶ ወረቀት የለውም። የስድስቱን እንግዶች ስም ዝርዝር ከማኅደሩ አውጥቶ፣ ከግርጌው ላይ የወንድሟን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጻፈና ከሥሩ አሰመረበት። «ይኸው፤ አሁን ዓይኔ ሥር ነው» ብሎ ወጣ።

እኔ ያን ጊዜ በልቤ ረሳው አልኩ። ሰው ነገርን ከልቡ ማስወጣት ሲፈልግ ወረቀት ላይ ያሰፍረዋል።

በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ተመታ፤ በመቀስ ሳይሆን በመዳፍ። መዶሻዬን ጥዬ ሄድኩ። በሩ ላይ ቆማ የክለቡ አርማ ያለበት በማሽን የተተየበ ወረቀት ይዛለች።

«አንብብልኝ» አለች። ማንበብ እኮ ከኔ የተሻለ ታውቃለች።

«የክብር እንግዶች ማልያ፣ ብዛት ሰባት» ብዬ ጀመርኩ። ስድስቱ የባዕድ ስም ነው። ሰባተኛው ላይ ስደርስ የወንድሟን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ አገኘሁ።

«እየመጣ ነው» አለች። «ከእነሱ ጋር ሊያመጡት ነው። ለዚያ ነው ያልነገሩኝ። ድንገት ሊያደርጉብኝ ነው፣ አይደል?»

በሕይወቴ ብዙ ጎማ አስተንፍሻለሁ፤ እንደዚያ ቀን ግን ከብዶኝ አያውቅም። «እህቴ» አልኳት፣ «ልጁ ከዝርዝሩ ግርጌ ነበር የጻፈው። ጸሐፊዋ ስትተይብ እሱንም እንግዳ መስሏት ነው።»

ወደ ውስጥ ተመልሳ በርጩማዋ ላይ ተቀመጠች። እግሯን ፔዳሉ ላይ አደረገችና ሳታንቀሳቅሰው ቆየች።

«እና ልንገራቸው?»

«ብትነግሪያቸው በማስመሪያ ይሰርዙታል።»

ግድግዳዋ ላይ ክለቡ ራሱ ያሰቀለው ማስታወቂያ አለ። ታሪክ አለው። ሁለት ዓመት ቢሆነው ነው፤ በዝርዝሩ ላይ አንድ ተከላካይ ነበረ፣ ሰውየው ግን ክለቡን ትቶ ሄዶ ነበር። እሷም መሄዱን ስለምታውቅ ጨርቁን ለማን አባክናለሁ ብላ ማልያ ሳትሰፋለት ቀረች። የሊጉ ተቆጣጣሪ መጥቶ ማልያ ሲቆጥር አንድ ጎደለ። የተመዘገበ ተጫዋች ያለ ማልያ ተገኘ ተብሎ ክለቡ ሦስት ነጥብ ተቀነሰበት። ተጫዋቹ ራሱ መጉደሉን ያስተዋለ ግን አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ይህ ማስታወቂያ ተሰቀለላት፤ «ሰውየው ኖረም አልኖረም፣ በዝርዝሩ ካለ ይሰፋለታል።»

ወደዚያው ቀና ብላ አየች።

«ኖረም አልኖረም ነው የሚለው?»

«ነው።»

«እንግዲህ እኔ ታዛዥ ነኝ» ብላ መቀሱን አነሳች። «እኔ ያልደረስኩበት ቦታ ስሙ እንኳ ይድረስ።»

የስድስቱን በአንድ ቀን ጨረሰች። የሰባተኛው ሁለት ቀን ፈጀባት። ጥልፉን በድርብ ክር ሠራችው። ስትለካ ደግሞ ግድግዳውን መትታ ጠራችኝና፣ «ከስቶ ይሆን?» አለችኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ? የምታውቂውን ልክ ስፊ።»

ጎኑን ሁለት ጣት አስገብታ ሰፋችው። ጥቂት ቆይታ ፈታችው። ከዚያ አንድ ጣት ብቻ አስገባች። ነጩን ጥብጣብም በነጭ ክር ጠለፈችው፤ በጣም ነበር ያማረው ይሉኛል፣ እኔ ምንም አላየሁበትም።

የጨዋታው ዕለት ከሰዓት በኋላ የማልያውን ጥቅል ተሸክሜ ተከትያት ሄድኩ። ያለ ትኬት መግባቴን አልደብቅም።

የክለቡ ጸሐፊ ትጉህ ሴት ናት፤ የሠራችው ሥራ ሁሉ ይታያል። ለሰባቱም እንግዶች በክብር ትሪቡኑ ላይ ሰባት ወንበር አዘጋጅታለች፤ በየወንበሩ ላይ የስም ካርድ፣ የውሃ ጠርሙስና ትንሽ ባንዲራ። ማን ከማን ይበልጣል የሚለውን ስላላወቀች በፊደል ተራ አስቀመጠቻቸው። በፊደል ተራ ደግሞ የጎረቤቴ ወንድም ከልዑካኑ መሪ ቀኝ ወደቀ።

ስድስት ሰዎች መጡ፣ ስድስት ወንበር ሞላ፤ ከመሪው ቀኝ ያለው ባዶ ሆነ።

እኔና ጎረቤቴ ከትሪቡኑ ሥር፣ የተጠባባቂዎች አግዳሚ አጠገብ ቆመን ሁሉንም እናያለን። አንደኛው እንግዳ ኮቱን አውልቆ ባዶው ወንበር ላይ ጣል አደረገ። ካርዱን አነበበ። ኮቱን ቶሎ አነሳና ጭኑ ላይ አጥፎ ያዘው። አጠገቡ ለተቀመጠው በጆሮው አንድ ነገር ነገረው። ያም ካርዱን አየና ቁጭ ካለበት ተስተካከለ። እንዲህ እንዲህ እያለ ነገሩ ስድስቱንም ዞረ። የማያውቁት ስም ከአለቃቸው ቀኝ ተቀምጧል፤ ማንም ግን «ማነው ይሄ?» ብሎ ለመጠየቅ አልደፈረም። እዚያ አገር የማታውቀው ሰው ከላይህ ሲቀመጥ አይጠየቅም መሰለኝ። ኋላ ከሕዝብ ግንኙነቱ እንደሰማሁት፣ ከዋና ከተማቸው በስውር እነሱን እንዲታዘብ የተላከ ተቆጣጣሪ ነበር የመሰላቸው።

ከዚያ ወዲያ እንደነሱ ጨዋ እንግዳ አላየሁም። በረኛችን ኳሱን በገዛ እጁ ወደ ገዛ መረቡ ሲያስገባ እንኳ ስድስቱም ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ወንበሩ እንዳይታዘባቸው ነው።

እረፍት ሲሆን አስተርጓሚያቸው፣ ቀጭን ባለ መነጽር ሰው፣ ወርዶ የሕዝብ ግንኙነቱን ክንዱን ይዞ ወደ ጎን አደረገው፤ ከእኛ ሁለት እርምጃ ነው።

«ከአለቃዬ ቀኝ ያሉት ሰው ከእኛ ናቸው ወይስ ከእናንተ?»

«የቱ ሰው?»

አስተርጓሚው ከካርዱ ላይ የገለበጠውን አሳየው። ልጁ አነበበው። የራሱን እጅ ሥራ አወቀው።

«ከ… ከሁላችንም» አለ።

«አሁን የት ናቸው?»

«እናንተ ጋ» አለ ልጁ፣ ሳያስበው።

አስተርጓሚው ከባድ ምስጢር እንደሰማ ሰው ራሱን ነቅንቆ ተመለሰ። ልጁ ወደ እኛ ዞሮ፣ «እትዬ፣ ምነው አትነግሩኝም ነበር?» አለ በለሆሳስ።

«ዓይንህ ሥር ነበር እኮ» አለችው።

የስጦታው ሰዓት ደረሰ። የክለቡ ሊቀመንበር ያላነበቡት ነገር ሁሉ ጥሩ ነው ብለው የሚያምኑ ሰው ናቸው፤ ስለዚህ አያነቡም። ማይክራፎን ይዘው በየተራ ስም ይጠራሉ፣ እሷ ከኋላ ቆማ ማልያ ታቀብላለች፣ እንግዳው ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል። ስድስት ካለቀ በኋላ ሊቀመንበሩ ካርዳቸውን ገልብጠው፣ «ለተወዳጁ ወዳጃችን» ብለው ሰባተኛውን ስም ከነአባቱ ከነአያቱ ጠሩ።

የወጣ ሰው የለም። ሕዝቡ ግን ማጨብጨብ ለምዷል፤ አጨበጨበ። ስምንት ወር ሙሉ አንድ ቢሮ እንኳ ጮክ ብሎ ያልጠራውን ስም ስታዲየም ሙሉ ሰው አጨበጨበለት። ጎረቤቴ ማልያውን ደረቷ ላይ ለጥፋ እንደያዘች ቀረች።

የልዑካኑ መሪ ሁኔታውን አዩ። ስውሩ ታዛቢ ይህን ሁሉ ጭብጨባ አግኝቶ እሳቸው ዝም ቢሉ ነገ ምን ይባላል? ፈጠን ብለው ወደፊት ወጡና እጃቸውን ዘረጉ። አስተርጓሚው፣ «ክቡርነታቸው ማልያውን ራሳቸው አደርስላቸዋለሁ ብለዋል፤ በእጃቸው» አለ። ካሜራው ሁሉ ብልጭ ብልጭ አለ። ሊቀመንበሩ አቀፏቸው።

አስተርጓሚው ወደ ጎረቤቴ ጎንበስ ብሎ፣ «አድራሻቸውን ያውቁታል?» አላት።

ከሽርጧ ኪስ በላስቲክ የጠቀለለችውን ወረቀት አወጣች። የእስር ቤቱ ስም፣ የክፍሉ ቁጥር፣ የመዝገቡ ቁጥር፤ ሰው ካገኘች ብላ ሁልጊዜ ይዛው ነው የምትዞረው። አስተርጓሚው አነበበው። መነጽሩን አውልቆ አበሰና ደግሞ አነበበው። ከዚያ ሁለት ቦታ አጥፎ የውስጥ ኪሱ ከተተ። መሪው አንድ ነገር ጠየቁት፣ እሱም አጭር ነገር መለሰላቸው፣ እሳቸው ፈገግ አሉ። ምን እንዳላቸው አላውቅም፤ ሰውየው ሥራ ላይ ናቸው ሳይላቸው አይቀርም።

ሁለት ለዜሮ ተሸነፍን፤ ስለሱ ያነሳ ግን አልነበረም።

ከዚያ በኋላ አሥራ ሁለት ቀን ምንም ወሬ አልመጣም። ጎረቤቴ ግድግዳውን እንኳ አትመታም፤ እኔም ላስቸግራት ሆን ብዬ መዶሻውን ባበዛው አልመታች አለች። ያን ጊዜ ነው የፈራሁት። ስሙን ካርድ ላይ ጽፈን የባሰ አመጣንበት እንዴ እያልኩ እንቅልፍ አጣሁ።

በአሥራ ሦስተኛው ቀን የሊቀመንበሩ መኪና መጥቶ የሱቄን በር ዘግቶ ቆመ። ሊቀመንበሩ ጎንበስ ብለው ወደ ቤቷ ገቡ፤ የሕዝብ ግንኙነቱ ማኅደሩን እንዳቀፈ ከኋላቸው። እኔም በሬ ስለተዘጋብኝ ሌላ የምሄድበት አልነበረኝምና ተከተልኩ። በርጩማዋን ለሊቀመንበሩ ለቀቀችላቸው። ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው።

«እመቤቴ» አሉ፣ «አንድ ደብዳቤ ደርሶናል።»

ነገሩ እንዲህ ነው። የልዑካኑ መሪ በካሜራ ፊት በእጄ አደርሳለሁ ያሉትን ማልያ አድርሱልኝ ብለው ላኩት። ማልያው አድራሻውን ተከትሎ እስር ቤት ደረሰ። የእስር ቤቱ ኃላፊ ከክቡርነታቸው የተላከ ስጦታ ለአንድ በያጅ ሲመጣ ደነገጠና ወደ በላዩ ደወለ፤ በላዩም ወደ በላዩ ደወለ። መጨረሻ ላይ ጥያቄው ተጽፎ እኛ ጋ መጣ፤ «ከመሪያችን ቀኝ ያስቀመጣችሁት ግለሰብ የክለባችሁ ባልደረባ ነው ወይስ አይደለም? በጽሑፍ ይመለስ።»

«በደኅና አለ ማለት ነው?» አለች።

«ማልያውን ለብሶ ፈርሟል ይላል» አለ የሕዝብ ግንኙነቱ።

«ለካው?»

«እሱን አይልም፣ እትዬ።»

ሊቀመንበሩ በረዥሙ ተነፈሱ። ስሙን ዝርዝሩ ላይ ማን እንደጻፈው ገና ተጣርቶ አላለቀም ነበር፤ ልጁ በጸሐፊዋ፣ ጸሐፊዋ በዝርዝሩ፣ የአብዬን እከክ ወደ እምዬ ልክክ ሲባል ሳምንት አልፏል። «አይደለም ብለን ከጻፍን» አሉ፣ «እስረኛ ከመሪያቸው ጎን አስቀመጥንባቸው ማለት ነው። ንቀት ነው። ውሉ ያበቃለታል።»

«ነው ብትሉስ?» አልኩ።

«እስረኛ አለን ማለት ነው።»

«የሊጉ ጠበቃ ሁለተኛው ይሻላል ብለዋል» አለ ልጁ። «ባልደረባችን በስህተት ተይዞብናል እንላለን፤ እነሱም ለካ ስህተት ነበር ብለው ይለቁታል። ማንም አያፍርም።»

«ይለቁታል?» አለች ጎረቤቴ።

«የኤምባሲው ሰዎች ከጻፍን በሳምንት ውስጥ ብለዋል። በአፍ ነው ያሉት፣ ግን ብለዋል።»

«እስቲ ድገምልኝ።»

ደገመላት። ሊቀመንበሩ ወደ ጣሪያው ቀና ብለው፣ «ሰብአዊ መብት የሊጋችን የደም ሥር ነው» አሉ። ጣሪያው ላይ የዝናብ ውሃ የሠራው ካርታ አለ፤ እሱን እያዩ ነው።

ጠረጴዛዋ ላይ ደብዳቤው ተሞላ። ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም። የሥራ መደብ የሚለው ጋ ሲደርስ ልጁ ቆመ።

«በያጅ ነው» አለች።

«ክለቡ በያጅ የለውም፣ እትዬ።»

«የስታዲየሙ የኋላ በር ከተገነጠለ ሁለት ዓመቱ ነው» አልኩ። «ሕዝቡ በሽቦ እያሰረ ነው የሚገባው የሚወጣው።»

ሊቀመንበሩ ስታዲየሙ የኋላ በር እንዳለው ገና መስማታቸው ነበር። «ጥገና ባልደረባ በለው» አሉ። ፈረሙ። ከኮታቸው ኪስ ማኅተሙን አወጡ፤ ልጁ እፍ አለበት፤ ወረቀቱ ላይ መቱት። ስንት ወር በየቢሮው ስንማጸን የኖርነው ማኅተም እንግዲህ ከኮት ኪስ የማይርቅ ነበር።

ሊቀመንበሩ ፖስታውን ለሹፌራቸው ሰጥተው ኤምባሲው ሳይዘጋ አድርስ አሉት። መኪናው ሄደ፣ የኔም በር ተከፈተ፤ እኔ ግን ካለሁበት አልተነሳሁም። ልጁ ማኅደሩ ውስጥ ሌላ ወረቀት እየፈለገ ነበር።

«አሁን ደግሞ ትንሽ ነገር ናት» አለ። «ወንድምዎ ሲመጣ ስለ ቆይታው፣ ስለዚያ ስለ ገመዱም ሆነ ስለ ሌላው፣ ለማንም ምንም እንዳይናገር ቤተሰብ ዋስ ሆኖ ይፈርማል።»

«እነሱ ናቸው የጠየቁት?»

ልጁ ሊቀመንበሩን አየ፤ ሊቀመንበሩ ጣሪያውን አዩ።

«አልጠየቁም» አለ ልጁ። «እኛ ነን ቀድመን ያሰብንላቸው። ለሊጉ ገጽታ።»

ሊቀመንበሩ ብዕራቸውን ከፍተው ዘረጉላት። ጎረቤቴ ተቀበለቻቸው፤ ወረቀቱን ከላይ እስከ ታች አነበበችው፤ የሹፌሩ መኪና ድምፅ ከመንገዱ ጫፍ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብላ አነበበችው። ከዚያ ብዕሩን ከድና መልሳ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ክሯን መርፌ ውስጥ ማስገባት ጀመረች።

«መጀመሪያ ይምጣ» አለች፣ ቀና ሳትል። «ዝም ማለቱን ከራሱ አፍ ትሰሙታላችሁ።»